ዋልያ በሳውዝ ሲ

ባለፈው መጋቢት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ላይ ሦስት ዋልያ፣ ሁለት ቀይ ቀበሮ፣ ቁጥሩ ያልታወቀ የጭላዳ መንጋና አንድ ፏፏቴ ታየ። ፏፏቴው የታየው ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ ምን እንዳለ ያውቃል። የሚፈስ ነገር የለም አልልም፤ ግን ማንም ፎቶ ሊነሣበት አይሄድም።

ይህን ሁሉ አውሬ ነድተው ወደ ሐበሻ ኮሚኒቲያችን ክፍል ያስገቡት ዘጠኝ ልጆች ናቸው። በየተራ እየተነሡ ከደብተራቸው አነበቡ። አስተማሪያቸው የውብዳር ጥግ ላይ ቆማ የምትሰማውን ማመን አቃታት። ክው ያለችው ልጆቹ ስላበላሹት አይደለም፤ ከመጠን በላይ ስላሳመሩት ነው።

የውብዳር ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ናይሮቢ ከገባች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ለውጭ አገር የሚጫን አበባ በሚቆይበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ምድር ወገብ ሥር እየኖረች ከሰኞ እስከ ዓርብ ካፖርት፣ ኮፍያና ሁለት ካልሲ ደርባ የምትውል ሴት ናት። በእጇ ያለፈው ጽጌረዳ ቢደረደር ሞያሌ ደርሶ ይመለሳል፤ ሲመለስም መንገድ ላይ ኢሲዮሎ ከተማ ሻይ ይጠጣል። ነገር ግን መሬት ላይ በቅሎ የቆመ አበባ ትክ ብላ አይታ አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ ፌርማታው ላይ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስትጠብቅ፣ ከአስፋልቱ ስንጥቅ የወጣች ስም የለሽ ቢጫ አበባ አየችና ደርቃ ቀረች። ሦስት ማታቱ አመለጣት። በአራተኛው ተሳፍራ ስለ አበባዋ ሦስት መስመር በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ አልዳነችም። ዛፍ ባየች ቁጥር ትቆማለች፣ ወፍ ባየች ቁጥር ትጽፋለች። ሥራ ቦታዋ ያሉ ጓደኞቿ መጀመሪያ ፍቅር ይዟት ነው ብለው ነበር። ነገሩ ቅጠል መሆኑን ሲሰሙ ይበልጥ ደነገጡ።

ከሁለት ዓመት በፊት የኮሚኒቲው የአማርኛ አስተማሪ አገር ሲቀይር "እስኪ ለጊዜው ልጆቹን ያዢልን" ተባለች። ልጆቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ አማርኛውን በጆሯቸው እንጂ በእጃቸው አያውቁትም። በፊተኛው አስተማሪ ጊዜ ፊደል ሲገለብጡ ይውሉና ግማሾቹ በሽንት ቤቱ መስኮት ያመልጡ ነበር። የውብዳር በመጀመሪያው ቀን በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና "ውጡ" አለቻቸው።

ልጆቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ወጥመድ አይተው አያውቁም።

"ውጡና አንድ ነገር አይታችሁ ተመለሱ። ሦስት መስመር ብቻ። ያላያችሁትን እንዳትጽፉ። 'ውብ' የሚል ቃል ያገኘሁበት ደብተር ግን ወየውለት!"

ከተነበበ በኋላ ጎበዝ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ሰሚው ዓይኑን ጨፍኖ "ታየኝ" ወይም "አልታየኝም" ይላል። ያልታየው ሰው አይስቅም፤ ከጻፈው ልጅ ጋር ተያይዘው ይወጡና ነገሩን ለሁለት እንደገና ያዩታል። ሦስት የነበሩት ልጆች በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ሆኑ። ከካሳራኒ ድረስ ሁለት ማታቱ ቀይሮ የሚመጣ አለ። ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የምትነግደው የዛራ ልጅ ሱፍዋን፣ በሰው ፊት ቃል ወጥቶት የማያውቀው፣ በመጣ በአራተኛው ሳምንት ተነሥቶ እንዲህ ሲል አነበበ፦ "አባ ኮዳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በቆሻሻው መሀል ይመላለሳል። የሒሳብ አስተማሪያችንን ይመስላል። ያገኘውን ግን ይበላል።" ስምንቱም በአንድ ድምፅ "ታየኝ!" አሉ። ልጁ ከዚያ በኋላ ዝም በል ቢባልም እሺ አላለም።

ችግሩ የመጣው በዚሁ አባ ኮዳ በሚባል ትልቅ ወፍ ነው። ወሬው የኮሚኒቲው ሊቀ መንበር አቶ ብርሃነመስቀል ጆሮ ገባ። አቶ ብርሃነመስቀል የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የልጅ ልጃቸው ኪያም የየውብዳር ተማሪ ናት።

"ልጆቻችን ስለ ቆሻሻ ነው እንዴ የሚጽፉት?" አሉ ስብሰባ ላይ። "ደግሞስ ወፍ ሲያይ ውሎ ዶክተር የሆነ ማን አለ? ክፍሉን ለሒሳብ ማጠናከሪያ ቱሽን እንስጠው።"

በመጨረሻ ተስማሙ። ልጆቹ በኮሚቴው ፊት ያንብቡ፤ ኮሚቴው ከወደደው ክፍሉ ለየውብዳር ይቆያል፣ ካልወደደው ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ቱሽኑ ይገባበታል። የውብዳር ሌላ ቦታ የላትም። ኢምባካሲ ያለው ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ዘጠኝ ልጅ ቢገባበት እሷ ደጅ ልትሆን ነው።

የእኛን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። ልጁ በሰው ፊት ሊያነብ ነው ከተባለ እርሳሱን ነጥቆ ራሱ ይቀመጣል። ዘጠኝ ቤት ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ዘጠኝ ወላጅ ወገቡን ታጥቆ ጻፈ። ከዘጠኙ አንዱ እንኳ በመስኮት ብቅ ብሎ አላየም። ተፈጥሮ ሲባል ትዝ ያላቸው የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ነበር። ዋልያው ሳውዝ ሲ የገባው በዚህ በኩል ነው።

እንግዲህ ሱፍዋን ተነሥቶ አነበበ። "ግርማ ሞገስ የተላበሰው ዋልያ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ውብ ቀንዱን ወደ ሰማየ ሰማያት..." ልጁ እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠረውና ቆመ። ኮሚቴውም ከኋላ የተቀመጡት ወላጆችም አጨበጨቡ። ሁለተኛዋ ልጅ ቀይ ቀበሮ ይዛ መጣች፤ ጭብጨባው ጨመረ። ጭላዳው ሲደርስ አቶ ብርሃነመስቀል መሀረባቸውን አወጡ።

"እንዲህ ነው እንጂ! ይሄ ነው ተፈጥሮ!"

የውብዳር ልቧ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ዝም ካለች ክፍሉ የሷ ነው፤ ዋልያዎቹ ሊያድኑላት ነው። አፏን ከከፈተች ግን ቱሽኑ ገባ ማለት ነው። ልጆቹን አየቻቸው። አንዳቸውም ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ መሬት መሬት ያያሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ሲያፍሩ አይታቸው አታውቅም።

የኪያ ተራ ደረሰ። "የፏፏቴው ነጭ ጢስ እንደ ሐር መጋረጃ..." ስትል፣ የውብዳር ዓይኗ ሳታስበው ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። የአቶ ብርሃነመስቀል ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ያውም ከልጅቷ አንድ ቃል ቀድሞ! እሷ "ሐር" ስትል እሳቸው "መጋረጃ" ላይ ደርሰዋል።

"ኪያዬ፣ ቆይ እስኪ" አለች የውብዳር። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። "ይሄን ፏፏቴ የት ነው ያየሽው?"

"ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ ነው የሚለው፣ ቲቸር።"

"የሚለውን አልጠየቅሁሽም። አይተሽዋል?"

ኪያ አያቷን አየች፣ ቲቸሯን አየች፣ ጣራውን አየች። "ኖ። አባባ ነው የጻፈው። ሐሙስም ዓርብም አስጠናኝ። እኔ የጻፍኩት ስለ ጉንዳን ነበር፣ እሱ ግን ቀደደው።"

ከዚያ ሱፍዋን "የኔንም እማዬ ናት!" አለ፤ ሌላውም "የኔን አባዬ!"፤ ዘጠኙም ተንጫጩ። ወላጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እያንዳንዱ ጥፋተኛው እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

ዛራ በሂጃቧ ጫፍ ፊቷን ሸፍና "አላህ! አንቺም?" አለቻት አጠገቧ ላለችው እናት።

"ጋሼ ብርሃነመስቀል" አለች የውብዳር፣ "ክፍሉን ከፈለጉት ይውሰዱት። ይሄ ግን የልጆቹ ጽሑፍ አይደለም፤ በዚህ ተመዝነው እንዲያልፉ አልፈልግም። የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ። በሩ ክፍት ነው። ውጡ! ሃያ ደቂቃ፣ ሦስት መስመር፣ ያያችሁትን ብቻ።"

"እኔ?" አቶ ብርሃነመስቀል ደረታቸውን ነኩ። "እኔን ነው ውጡ የምትዪው? ሊቀ መንበሩን?"

"አባባ፣ እርሳስ ላበድርህ?" አለች ኪያ።

መጀመሪያ የወጣችው ዛራ ናት። እሷ ከወጣች ብሎ ሌላው ተከተለ። በሩ ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ፣ አንድ ኮሚቴ ሙሉ ደብተር ይዞ መንገዱ ላይ ሲበተን አይቶ ሕንፃው ሊፈርስ ነው ብሎ ወንበሩን ይዞ ሸሸ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ፣ ፊታቸው ፈተና የወደቀ ሰው ፊት ነበር። አቶ ብርሃነመስቀል መጨረሻ ገቡ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ከቅድሙ ባነሰ ድምፅ አነበቡ፦

"በራችን ላይ ያለው ዛፍ ግንዱ ላይ ሽቦ ታስሯል። ግንዱ ወፍሮ ሽቦውን ውጦታል። የሱቄን ማስታወቂያ ለመስቀል ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ማስታወቂያው ከወደቀ ቆይቷል፣ ሽቦውን ልፈታ አልመጣሁም።"

ማንም አላጨበጨበም። ልጆቹ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። "ታየኝ" አለ ሱፍዋን። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላው። ኪያ መጨረሻ ላይ "ታየኝ፣ አባባ" ስትል፣ መለዋወጫ ሲሸጡ በዋጋ አሥር መካኒክ በአንድ ጊዜ የሚያስጮኹት ሰውዬ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋባቸው። እንዲህ ዓይነት ዳኛ ፊት ቆመው አያውቁም።

"እንግዲህ..." አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ክፍሉ ይቆይላት። ቱሽኑ እሑድ ከሰዓት ይሁን። የልጆቹንም ደብተር እኛ አንነካም። ተቃውሞ ያለው?"

ዛራ እጇን አወጣች። የውብዳር የበሩን እጀታ ያዘች።

"ክፍሉን አይደለም" አለች ዛራ። "ሃያ ደቂቃ የሚለውን ነው የምቃወመው። ባለሞተሮቹ ቦዳ ቦዳዎች የሚቆሙበት ዛፍ ላይ አንድ ቢጫ ወፍ የጆንያ ክር ይዞ ቤት ይሠራል። ሃያ ዓመት ጨርቅ ስነግድ እንዲህ የሚቋጥር ሰው አላየሁም! አንዱን ቋጠሮ ጨርሶ ሁለተኛውን ሲጀምር ጊዜ አለቀ አላችሁ። በቀኝ ይሁን በግራ የሚያዞረው ሳላይ እንዴት ብዬ ልጻፍ?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለች የውብዳር።

"እንሂዳ!"

ሄዱ። ዘጠኝ ልጅ፣ ሰባት ኮሚቴ፣ የቀረው ወላጅ ሁሉ። ዛፉ ሥር ሞተር ሳይክላቸው ላይ ተጋድመው ደንበኛ የሚጠብቁት ቦዳ ቦዳዎች፣ ያን ሁሉ ሐበሻ አንገቱን ሰቅሎ ሲከባቸው ዘለው ተነሡ። አንደኛው ወደ ላይ አየ፣ ምንም አልታየውም፤ ሊቀ መንበሩን እጃቸውን ያዘና "ኩና ኒኒ፣ ምዜ?" ብሎ በድንጋጤ ምን እንደተፈጠረ ጠየቃቸው።

አቶ ብርሃነመስቀል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ሽሽ! ክሩን እያሰረ ነው።"