ለአባቴ ጀርባ የመረጥኩት መኪና

ከደሴ የወጣሁ ለት አባቴ ሊሸኙኝ አልተነሱም። መነሳት አቅቷቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የአሰብን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለሱ ኖረው ጀርባቸው ስላለቀ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ቁጭ ማለት አይችሉም ነበር። እንደተኙ እጄን ይዘው «በል፣ አላህ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ቃል የማበዛ ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ለት ግን አፌ ቀደመኝ። «አባባ፣ የራሴን መኪና ገዝቼ እመጣና ሙቅ አገር እወስድዎታለሁ» አልኳቸው። የደሴ ብርድ ነው ጀርባቸውን የሚበላው፣ እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። እሳቸው ሳይዞሩ «መኪናው አልጋ ካለው» አሉ።

እናንተ ደሴ ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ አገር ለቃችሁ የወጣችሁ፣ «አዋሳ ደግሞ ስደት ነው እንዴ?» ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። በጦርነቱ የተነሳ የሰሜኑ መንገድ ሥራ አጣ፤ አሥራ አራት ዓመት ተቀጥሬ የነዳሁለት ሰውዬም መኪናውን ሸጠው። ደቡብ እህልና ቡና ይጫናል ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት። ካፖርቴን ሞጆ ላይ አወለቅኩ፣ ሹራቤን ዝዋይ ላይ፤ አዋሳ ስደርስ የማወልቀው ነገር አልተረፈኝም። ደሴ ሳለሁ ዓሣ የማውቀው በቆርቆሮ ነበር፤ እዚህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ከጀልባ ወርዶ ገና እየተንፈራገጠ ይታረዳል፣ ሰዉም ጥሬውን በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ይበላዋል። መጀመሪያ ቀን ፊቴን አዞርኩ፣ በሳምንቱ ግን ከሻጩ ጋር «ጨምር፣ አልጨምርም» እየተባባልኩ ነበር። የወባ ትንኙን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ከከተማው ምሥራቅ በኩል አንዲት ክፍል አገኘሁ። የቤቱ ባለቤት እማማ ሐና የሲዳማ ሴት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው ጴንጤ፣ አረቄ በበራቸው እንዳያልፍ የሚሉ። እኔም የማልጠጣ መሆኔን ስነግራቸው ደስ አላቸውና በዚያው አስገቡኝ። ችግሩ፣ በአብዮቱ አዋጅ ቤት ማከራየት ክልክል ነው። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ።

«መሸኛ አለህ?» አለኝ።

«ከደሴ ቀበሌዬ አጽፌያለሁ፤ በፖስታ እየመጣ ነው።»

«ሰው ቀድሞ ወረቀቱ ኋላ ይመጣል እንዴ? እማማ፣ ይኼ ጓድ እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል? ተከራይ ነው?»

«የወንድሜ ልጅ ነው» አሉ እማማ ሐና ቆጮ መክተፋቸውን ሳያቋርጡ።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገለጠ። «ስምህ ማነው?»

«ሰይድ።»

«እማማ፣ ሰይድ የሚባል የወንድም ልጅ አለዎት?»

«ወንድሜ ብዙ አገር ዞሯል» አሉት።

ሊቀመንበሩ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ መዝገቡን ዘጋና ወጣ። በሩ ሲዘጋ እማማ ሐና ከሳህናቸው ቡርሳሜ፣ ማለትም በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ቆርሰው ሰጡኝና «እንግዲህ አክስትህ ነኝ፣ ብላ» አሉ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለውን በቃል አውቀው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ለት ነው።

ከዚያ ወዲያ የነበረኝ ሐሳብ መኪናው ብቻ ሆነ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ናፍጣ በኩፖን ነው። ለተመደብክበት ጉዞ የተቆረጠልህን ትቀዳለህ፣ በቃ። መኪናህ ጠጪ ከሆነ መንገድ ላይ ትቀራለህ፤ ቆጣቢ ከሆነ ጥቂት ይተርፍሃል። ስለዚህ የምፈልገው ሁለት ነገር ነበር፤ አባቴን የሚያስተኛ ምቾትና የማይጠጣ ሞተር። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ደግሞ መልክና ጠባይ ከአንድ ሰው ላይ እንደመፈለግ ነው።

የሚያማክረኝ ጋሽ ላምቤቦ የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። መጀመሪያ ያየነው ፒያሳ አንድ ነጋዴ የሚሸጠውን፣ ሞተሩ ከፊት የወጣ ባለ አፍንጫ የጭነት መኪና ነው። ወንበሩ ስፖንጅ፣ ጋቢናው ምንጣፍ፣ አልጋውም የሙሽራ አልጋ ነው። ጋሽ ላምቤቦ ናፍጣ እስከ አፉ አስሞልተው ሻሸመኔ ደርሰን እንድንመለስ አደረጉ፤ ከዚያ የጎደለውን በአሥር ሊትር ጀሪካን እየለኩ ሞሉት። ሁለተኛውን ጀሪካን ሲያነሱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሦስተኛውን ሲያነሱ ግን «ልጄ፣ ይኼ መኪና ናፍጣ አይጠጣም፤ ገላውን ይታጠብበታል» አሉኝ።

ሁለተኛው አፍንጫ የሌለው፣ ቀለሙ የለቀቀ ነው። ባለቤቱ በቆሎ እንደጫነ አመጣልን። ከወንበሩ ጀርባ ጣውላ አልጋ አለው። ጋሽ ላምቤቦን «እርስዎ ይንዱ፣ እኔ አባቴን ሆኜ ልተኛ» አልኳቸውና በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ስነሳ ሻሸመኔ ነበርን፤ እንቅልፍ ወስዶኛል። ስንመለስ አንዱ ጀሪካን እንኳ ሳያልቅ ናፍጣው ሞልቶ ፈሰሰ። በዚያው ሳምንት የአሥራ አራት ዓመት ጥሪቴን አራግፌ ገዛሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አመስግኜ አላውቅም። እማማ ሐናም በራፉ ላይ ቆመው በሲዳምኛ ረጅም ጸሎት አደረጉለት፤ እኔ የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው።

ስህተቴን ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጭነቴን ዲላ አራግፌ ባዶ ስመለስ ራሴን አመመኝና መሪውን አብረውኝ ለተጓዙት ለጋሽ ላምቤቦ ሰጥቼ አልጋው ላይ ወጣሁ። መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጣሪያው ግንባሬን መታኝ። ሁለተኛው ላይ ጀርባዬ ጣውላው ላይ ተፈጠፈጠ። ባዶ መኪና እንደሚነጥር የማያውቅ ሾፌር የለም፣ ግን አሥራ አራት ዓመት መሪ ይዤ እንጂ አልጋው ላይ ተኝቼ አላውቅም። የሞከርኩት በቆሎ የረገጠውን መኪና ነበር። ከደሴ ወደዚህ ደግሞ መኪና የሚመለሰው ባዶውን ነው።

ጭነት የሚመድበው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ አዳመጠኝ።

«በሰኔ መጨረሻ ወደ ደሴ የሚሄድ እህል አለ፣ ተራውን እሰጥሃለሁ። ከዚያ ግን የሚጫን የለም።»

«ጌታው፣ ከዚያ የምጭነው አባቴን ነው።»

«አባትህ ስንት ኩንታል ናቸው?»

«ግማሽም አይሞሉ።»

«እንግዲያው ባዶ ነህ» አለና የመልሱን ኩፖን የባዶ መኪና አድርጎ ቆረጠው።

ከዚያ ወጥቼ ፒያሳ ቴሌ ገባሁና ደሴ ጥሪ አስያዝኩ። የጎረቤታችን የስልክ ገመድ በመስኮት አልፎ አባቴ አልጋ ድረስ ይደርሳል። ያገኘሁትን መኪና አሞግሼ፣ አሞግሼ፣ መጨረሻ ላይ ባዶውን እንደሚነጥር ነገርኳቸው።

«አሥራ አራት ዓመት ነድተህ ይኼን አሁን አወቅክ?»

«አልጋው ላይ ተኝቼ አላውቅማ፣ አባባ።»

«እኔም አልተኛሁም ነበር። አሁን ነው ተኝቼ የቀረሁት።» ከዚያ ወደ ሾፌርነታቸው ተመለሱ። «ቦርከና ዳር አሸዋ ሞልቷል። ሃምሳ ኩንታል ጫንበት፣ ረግቶ ይሄዳል። ሐምሌ ከገባ ግን ወንዙ ይሞላል፤ አሸዋ አይገኝም።»

«ሦስት ደቂቃ ሞልቷል» አለች የቴሌዋ ልጅ ከመሐል።

«ሰይድ» አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው ድንገት የልጅ ሆነብኝ። «እውነት እዚያ ሙቅ ነው?»

«ሙቅ ነው፣ አባባ» አልኩ። መስማታቸውን እንጃ፣ መስመሩ ተቋርጧል።

ቤት ስገባ እማማ ሐና «ምን አሉ?» አሉኝ።

«አሸዋ ጫን አሉ።»

«ጥሩ ነው፤ ጓሮዬ ይደፋ፣ ጭቃው አስመርሮኛል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ክፍል ገቡና ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ቦታውን በእርምጃቸው ይለኩ ጀመር። ስንት ሰው ነው ለማያውቀው ሽማግሌ አልጋ የሚለካ? ከአገሬ መውጣቴ ያንገበግበኛል፤ እዚህ ግቢ መውደቄን ግን ሁሌም አመሰግናለሁ።

አሁን የቸገረኝ ናፍጣው ነው። የሰጡኝ ኩፖን ለባዶ መኪና ስለሆነ፣ አሸዋውን ለመሸከም እስከ ሰኔ መጨረሻ ከየጉዞው እያጠራቀምኩ ስድስት ጀሪካን ማትረፍ አለብኝ። እያንዳንዷን ቁልቁለት በእርጋታ እወርዳለሁ፣ ማርሽ አላጮህም፣ ስቆም ሞተር አጠፋለሁ። ጀሪካኖቹን እማማ ሐና ከማድ ቤቱ አርቀው በጓሮ በኩል አስቀምጠውልኛል፤ ጠዋት ጠዋት ይጸልዩላቸዋል፣ ማታ ማታ ክብሪት የያዘ ሰው በዚያ እንዳያልፍ ይጠብቃሉ።

ግንቦት ሊያልቅ ነው። አራተኛው ጀሪካን ገና ግማሽ ነው።