ከውስጥ ያልጠቆረው ቴፕ

በደርግ ዘመን፣ ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ መልካ ወረር አጠገብ ባለ የመንግሥት የጥጥ እርሻ ክሊኒክ ተመደብኩ። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚመጣው። በቀረው ጊዜ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥቡትና የሚያሽጉት፣ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአባቴ አያንስም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ሲስተር ይሉኛል።

መቀሱን፣ የስፌት መርፌውንና ጎዙን በጨርቅ ጠቅልለን በአውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት እንቀቅላለን። ጥቅሉ የሚታሸገው በልዩ ቴፕ ነው። ቴፑ ላይ የደበዘዙ መስመሮች አሉ፤ የጋለው እንፋሎት ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። መስመሩ ከጠቆረ ዕቃው ንጹሕ ነው ተብለን ተምረናል። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ድሬሰሩ ግን ከውጭ ካለው ሌላ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቴፕ በጥቅሉ መሃል ይከቱ ነበር። ቴፑ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በስንት ደብዳቤ ነው። ብክነት መስሎኝ እንዲተዉት ነገርኳቸው። እሳቸውም ተዉት።

የጥጥ ለቀማ ሲደርስ በሽተኛው በዛ። ማሽኑ የሚሠራበትን ነጭ ጋዝ ለመቆጠብ ጥቅሉን አጥብቄ እያሰርኩ ማሽኑን እስከ አፉ እሞላው ጀመር። መስመሩ እንደሆነ ሁልጊዜ ይጠቁራል።

በዚያ ሰሞን ለለቀማ ከከምባታ የመጣች ሴት እኛ ዘንድ ወለደች። ተቀድዳ ስለነበር ሰፋኋት። በአምስተኛው ቀን ባሏ ደግፎ መልሶ አመጣት፤ ትኩሳት አንድዷታል፣ ስፌቱ መግል ይዟል። በቦይ ውሃ ታጥበሽ ነው ብዬ ተቆጣኋት። አልታጠብኩም አለች። አላመንኳትም።

በማግሥቱ ጠዋት ድሬሰሩ የማሽኑ ክፍል በር ላይ ቆመው፣ «ሲስተር፣ ፈቃድሽ ከሆነ ዛሬ ብቻ አንዲት ቁራጭ መሃል ልክተት» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ማሽኑ ጨርሶ ሲበርድ ጥቅሉን ፊቴ ፈቱት። የውጩ ቴፕ ጠቁሯል። ከመሃል የወጣችው ቁራጭ ግን ስትገባ እንደነበረችው ናት። እንፋሎቱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ከመቼ ጀምሮ ይሆን ብዬ ስጠይቃቸው፣ አጥብቀሽ ማሰር ከጀመርሽ ወዲህ ያለውን ሁሉ መጠርጠር ነው አሉኝ።

የቀረውን ጥቅል ሁሉ ፈተን፣ ላላ አድርገን፣ በሁለት ዙር ደግመን ቀቀልን። ሐኪሙ ሲመጣ ነገርኩት። የሴትየዋን ስፌት ፈቶ ቁስሏን አጠበ፣ ፔኒሲሊን አዘዘላት፣ ሪፖርት እንደሚጽፍብኝም ነገረኝ። በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ሌላው ሰው ስለማርፈዱ ሲናዘዝ እኔ ይህንኑ ተናገርኩ። ካድሬው ቴፕ ስል የዘፈን ቴፕ መስሎት የማን ንብረት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሴትየዋን ትኩሳቱ ሲለቃት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ «የቦዩ ውሃ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መርፌው በደንብ አልተቀቀለም ነበር» አልኳት።

ልጇን እያጠባች፣ «ሌሎቹንስ ነገርሻቸው?» አለችኝ።

አልነገርኳቸውም ነበር። መዝገቡን ገልጬ በዚያ ሰሞን የሰፋኋቸውን ፈለግኩ። ከእሷ ሌላ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ተመልሶ ስፌቱን አስፈትቷል፣ ድኗል። እግሩን መጥረቢያ የቆረጠው ለቃሚ ግን አልተመለሰም።

ከሰዓት በኋላ ከድሬሰሩ ጋር ወደ ለቃሚዎቹ ሰፈር በእግር ሄድን። ሰውየውን ያገኘነው ማሳው ውስጥ ነው፤ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ይለቅማል። ታመሃል ተብዬ እባረራለሁ ብሎ ፈርቶ ነው የቀረው። ጨርቁን ስፈታው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ለሴትየዋ ያልኩትን ለእሱም አልኩት። በትራክተር ተሳቢ ወደ ክሊኒኩ ወሰድነው።

አሥር ቀን ተኝቶ ዳነ። ለቀማው ሲያልቅ ከጓደኞቹ ጋር ወደ አዋሽ ከተማ በሚሄደው የእርሻው መኪና ሄደ። ሲሳፈር ያነክስ ነበር። በመጥረቢያው ይሁን በእኔ አላውቅም፤ ሐኪሙንም ደፍሬ አልጠየቅኩትም።