ከቤተ መጻሕፍት ይዤው የወጣሁት እጮኝነት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። አንዲት ቃል አሳስቼ በመጥራቴ እስካሁን ብቻዬን እስቃለሁ። ያልረሳሁት ግን በስህተቴ ሰበብ የሰማሁትን ነገር ነው።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። የመን፣ ኤደን ከተማ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ብሬቃ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ፣ ሐጃ ሰልማ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ቤት እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ እንድማር የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን አስተማሪያችን እያንዳንዳችን ክፍል ፊት ቆመን ንግግር እንድናደርግ አዘዘን። ስለ ንግግር አዘገጃጀት ከቤተ መጻሕፍት ፈልገን እንድናነብም ነገረን። የእኔ አረብኛ የወጥ ቤትና የገበያ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ አጎቴ እንደ ማለት አሚ ሳሊሕ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ተጠግቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ስለ ኺጥባ መጽሐፍ ፈልጌ ነበር" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ፊታቸው በራ።

"ማሻአላህ። መቼ ነው?"

"የሚመጣው ማክሰኞ።"

"ቀርቧል እኮ። ፈራሽ እንዴ?"

"በጣም እንጂ። እንቅልፍም የለኝ።"

"አይዞሽ ልጄ፣ የማይፈራ የለም። አንዴ ከጀመርሽው ይለቅሻል" አሉና ሁለት መጻሕፍት መርጠው ሰጡኝ። ሽፋናቸውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የፈለግኳት ቃል አለች። ደስ ብሎኝ ይዤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ሥራዬ ገባሁ። ሐጃ አንስተው ሲገልጧቸው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የጠበስኩላቸውን ዓሣ እንኳ ነካ ነካ አድርገው ተዉት። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ አመሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። ጭናቸው ላይ የታጠፈ ቢጫ የሐር ጨርቅ አለ።

"ይህን ሴት ልጅ ብወልድ ለሰርጓ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። አላህ አላለውም። ላንቺ ይሁን" አሉኝ። ጨርቁን እጄ ላይ አኖሩት። "እስክሞት አብረሽኝ ትኖሪያለሽ ብዬ ነበር። ግን ደስታሽን አልከለክልሽም። ሰውየው አላህን የሚፈራ ነው?"

"የቱ ሰውዬ?" አልኳቸው።

መጽሐፉን ገልጠው አነበቡልኝ። ስለ ሽማግሌ መላክ፣ ስለ ጥሎሽ፣ ስለ ቀለበት ነው የሚያወራው። ያኔ ገባኝ። በአረብኛ ንግግር ኹጥባ ነው፤ ኺጥባ ደግሞ መተጫጨት። ሲጻፉ አንድ ናቸው፣ የሚለዩት በአፍ ነው። የእኔ አፍ የሰፈሩ ሴቶች ሲያወሩ የለመደውን ጠራ።

ነገሩን ሳስረዳቸው ሐጃ መጀመሪያ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ እንባቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ ሳቁ። ጨርቁን ልመልስላቸው ስል እጄን ያዙት፤ "ያንቺ ነው፣ ሰርግሽ ዛሬ ባይሆንም" አሉ።

መጻሕፍቱን ስመልስ አሚ ሳሊሕ "ፈረሰ እንዴ?" ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ። ነግሬያቸው ሲስቁ ቆይተው ትክክለኛውን አወጡልኝ። ማክሰኞ ክፍል ፊት ቆሜ የተናገርኩትም ይህንኑ ታሪክ ነው። ተማሪዎቹ ሲስቁ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እኔ ብሄድ ሌላ ሠራተኛ ይተካል ብዬ ነው የኖርኩት። ብሄድ ሐጃን ናፍቆቴ እንደሚጎዳቸው ያወቅሁት ሳልሄድ ነው። ሁሉም ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። አልሐምዱሊላህ።