የአባቴን የጣሊያን ሰንጢ ይዤ ከአምቦ እስከ ቀራንዮ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አምቦ

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ሰው ወሬ ይሰበስባል፤ እኔ ሰንጢ እሰበስባለሁ። ዘጠኝ አሉኝ፦ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን። የት አገር እንደተሠራ ያላረጋገጥኩትን ቤቴ አላስገባም። ከሁሉም የምወደው የአባቴን ነው። ስለቱ ላይ የጣሊያን ማህተም አለበት። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በአምስቱ ዓመት ወረራ ከአንድ የጣሊያን መኮንን ላይ ማርኬ ነው ያመጣሁት ይል ነበር። እኔም መምህር ነኝና ይህንኑ ለተማሪዎቼ ስንቴ እንዳወራሁ!

ባለፈው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ «ኮልፌ ቀራንዮ አቶ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ባለ ቀንድ እጀታ የጀርመን ሰንጢ አላቸው፤ በጣሊያን ካልሆነ በሌላ አይለውጡም» አለኝ። ወዲያው ጠረጠርኩ። የጀርመን ከጣሊያን እንደሚበልጥ የማያውቅ ሰብሳቢ የለም፤ ታዲያ ሰውየው ምን ፈልገው ነው? ጠርጥር ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ቢሆንም ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። የአባቴን ሰንጢ የያዝኩት ለማማለያ ነው እንጂ ልሰጣቸው አስቤ አይደለም።

ከቀበሌ መሸኛ ያወጣሁት «ዘመድ ለመጠየቅ» ብዬ ነው። ኬላ ላይ ስለት ይዞ መገኘት የሚያመጣውን ጣጣ ስለማውቅ፣ ሰንጢውን በላስቲክ ጠቅልዬ እናቴ በሠራችው የጭኮ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት።

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ሳንሱሲ

ከጎኔ የተቀመጠው ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ጊንጪ ሳንደርስ ስሜን፣ ሥራዬንና የምሄድበትን ጠየቀኝ። ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ሆለታ ላይ አንኮራፋ። ማንኮራፋቱም የውሸት መሰለኝ።

ሳንሱሲ ላይ ለፍተሻ አስወረዱን። አሮጌ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ጣሳውን ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው ጓድ?»

«ጭኮ ነው ጓድ፤ ለዘመድ።»

አስከፈተኝና በጣቱ ቀመሰ። ደገመ። ሦስተኛው ላይ ጣቱ ጠለቅ ሲል ላብ አጠመቀኝ።

«ቅቤው ለጋ ነው። በል ግባ» አለና ጣቱን እየላሰ ወደ ሌላው ሄደ።

ቀን ስድስት ሰዓት፣ ኮልፌ

ከአውቶቡስ ተራ በከተማ አውቶቡስ ኮልፌ ፌርማታ ወረድኩ። በስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ ቀማመስኩና አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ የአቶ ደምሴን ቤት ጠየቅኋት።

«ምንዎት ናቸው?»

«ዘመዴ ናቸው።»

«ዘመድዎ?» ብላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «በቀራንዮ መንገድ ይውረዱ፤ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ቤት ነው።»

አስተያየቷ አላማረኝም። ዘወር ብዬ ሳያት ለጎረቤቷ እያንሾካሾከች ነበር።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ቀራንዮ

አቶ ደምሴ ረጅም ናቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውዴ ጎመን በአይብ አቀረቡ። እነሱ እስኪጎርሱ ጠብቄ ጀመርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

የጀርመኑን ሰንጢ አመጡልኝ። እንዴት ያምራል! በማጉያ መነጽሬ ማህተሙን አየሁት፤ እንከን የለውም። ስለቱን የሚይዘውን ሞላ ግን ከውስጥ በኩል ስመለከተው የሞረድ ጭረት አገኘሁ።

«አባባ፣ ይሄ ጀርመን አልተሠራም። ጀርመን ሞላውን እንዲህ አይተወውም። ሚስማሩም የጥይት ቀለህ ነው።»

ይቆጣሉ ስል ሳቁ። «እሰይ! እስከ ዛሬ የነቃብኝ አንተ ብቻ ነህ። ስለቱ የመኪና ባሌስትራ ነው። እዚሁ ጓሮ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ቀጥቃጭ ናቸው! የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። መምህር ነኝ፣ የቡዳ ወሬ ከንቱ ነው ብዬ አስተምራለሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ወይዘሮ ዘውዴ አዩኝ።

«ብላ እንጂ ልጄ። እኛ ሰው አንበላም።»

አፍሬ ጎረስኩ። አቶ ደምሴ የእኔን እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ከጭኮው አውጥቼ፣ በላስቲኩ ላይ ያለውን ቅቤ ጠርጌ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ቀስ ብለው ዘጉት። ስለቱ ግማሽ ላይ ቆም አለ፣ ከዚያ ገባ። ደግመው ዘጉት። ደኅናው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይሄ የአባቴ እጅ ነው። ግማሽ ላይ የሚቆመው የልጅ ጣት እንዳይቆርጥ ብሎ ነው። ከሆለታ እስከ ጊንጪ ገበያ እየዞረ ይሸጥ ነበር። የቀጥቃጭ ሥራ ነው ቢባል ማን ደፍሮ ኪሱ ይከታል? ከላይ የጣሊያን ማህተም ይመታና የራሱን ምልክት ከእጀታው ሥር ይደብቃል፤ ሦስት ነጥብና አንድ ጭረት። ያን ሁሉ ሠርቶ እኔ ዘንድ አንድም አልቀረም። በጣሊያን ብቻ እለውጣለሁ የምለው አንድ ቀን የእሱ ቢመጣልኝ ብዬ ነው። ሚስማሩን ላውጣና ላሳይህ፤ መልሼ እመታዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። አንድ ማህተም የዋሹ ሰው ሌላ ቢዋሹ ምን ይገርማል? ደግሞስ እውነት ከሆነ አባቴ ምን ሊሆን ነው?

«አባቴ ማርኮ ነው ያመጣው!» ብዬ ተነሣሁ። «እርስዎ ሌባ ነዎት! በእንባ ሊወስዱብኝ ነው!»

ሽማግሌው ሰንጢውን አጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ውሰደው። የአባትህም ነው» አሉ።

ሰንጢውን ሳወጣ ጭኮውን ትሪያቸው ላይ ገልብጬላቸው ነበርና፣ ወይዘሮ ዘውዴ የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም ብለው ጣሳዬን አጥበው ቆሎ ሞሉልኝ። ከቤታቸው ራቅ ስል ቆሎውን ሌላ ባሕር ዛፍ ሥር ደፋሁት።

በማግስቱ፣ አምቦ

አውቶቡስ ተራ አጠገብ ቤርጎ ይዤ አድሬ ረፋድ ላይ ቤቴ ገባሁ። የሽማግሌውን ውሸት ላጋልጥ ብዬ ጫማዬን ሳላወልቅ ሚስማሮቹን አወጣሁ። የእጀታው ቀንድ ተላቀቀ። ሦስት ነጥብና አንድ ጭረት።

እናቴን ጠራኋት። ምልክቱን በጣቷ ዳበሰችው።

«ጊንጪ ገበያ አብረን ነው የገዛነው። ማርኬ ነው ሲል ደስ ይለው ነበር፤ ተውኩት» አለችኝ።

ይኸው ነው ጉዞዬ ያስተማረኝ። ማህተሙ ዋሸኝ፣ አባቴ ዋሸኝ፣ እናቴ ዝም አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ስለዚህ ሰንጢ እውነቱን የነገሩኝ ሰው አቶ ደምሴ ብቻ ናቸው፤ እኔም ሌባ ያልኩት እሳቸውን ነው። ሰንጢው ጠረጴዛዬ ላይ ተበትኗል። ልወስድላቸው ነው። በራቸው ላይ ቆሜ ምን እንደምል ግን አላውቅም።