የታኮማን ወደብ ነው የምሥለው

ከጎንደር ወደ እስራኤል፣ ከዚያም ወደ ሲያትል የመጣሁ ቤተ እስራኤላዊት ሠዓሊ ነኝ። እዚህ እንደመጣሁ የምሥለው ሁሉ ሲያትል አጠገብ ያለችውን የታኮማን ከተማ ወደብ ነበር፤ ግራጫውን ውሃ፣ ዝናቡን፣ መርከብ የሚያራግፉትን ክሬኖች።

አንዲት የጋለሪ ባለቤት ሥዕሎቼን አየችና፣ «እጅሽ ጥሩ ነው፤ ግን ወደብ ማንም ይሥላል። አንቺ የመንደርሽን ጎጆዎች፣ ወደ እስራኤል ስትሄዱ በእግር ያቋረጣችሁትን በረሃ ሣዪልኝ፤ ኤግዚቢሽን አዘጋጅልሻለሁ» አለችኝ።

«በረሃውን ያለፍኩት እናቴ ጀርባ ላይ ተኝቼ ነው። ያላየሁትን አልሥልም» አልኳት።

«እንዲህማ ከሆነ አይሸጥልሽም።»

«አይሸጣ!»

ሥዕሎቼን መኪናዬ ላይ ጭኜ ወጣሁ። ማታ ባለቤቴ፣ «ምናለ አንድ ጎጆ ብትሥዪላት?» ቢለኝ አኮረፍኩት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እዚያው ሲያትል አጠገብ ቡሪየን በምትባል ከተማ ሆቴል እያጸዳሁ፣ እረፍት በሆንኩ ቁጥር ታኮማ እየነዳሁ ያንኑ ወደብ ሣልኩ።

በመጨረሻ አንድ ሌላ ጋለሪ ተቀበለኝ። በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ቀን ስደርስ ከትልቁ ሥዕሌ ሥር «የስደተኛዋ ናፍቆት» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። እንግዶቹ እያዩ ገነጠልኩት። ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አውጥቼ በጀርባው «የታኮማ ወደብ፣ ማክሰኞ ጠዋት» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ለጠፍኩት። የከለከለኝ ሰው አልነበረም።