ወደ ደሜ ያልገባው መድኃኒት

ወንድሜ በአንድ እጁ መንጋጋዬን ፈልቅቆ በሌላው ኪኒኑን ወደ ጉሮሮዬ ሲገፋ ጣቱን ነከስኩት። በጥፊ አጮለኝ። ከዚያ ውሃ ግቶኝ፣ ምላሴን አንስቼ አፌ ባዶ መሆኑን እስካሳየው ድረስ ደረቴ ላይ ተንበርክኮ ቆየ። ሼክ ዑስማን በሚባለው የኤደን ሰፈር በተከራየናት ክፍል ጠዋታችን እንዲህ ነበር የሚጀምረው።

ታላቄ ነው። ከወሎ ቀድሞኝ የመን፣ ኤደን ገብቶ ጋራዥ ይሠራ ነበር። እኔ ሐሳቤ ሳውዲ ነበር፤ ነገር ግን ከጀልባ እንደወረድን ደላሎች አጉረው ገንዘብ አስልኩ እያሉ በዱላ ሲቀጠቅጡን ከረሙ። ስወጣ ሆዴ መያዝ አቅቶት ነበር፤ የበላሁት ሁሉ በተቅማጥ ይወጣል። ኤደን ዳር ቢር ፈድል በሚባል ቦታ እርሻ ላይ ሽንኩርት ስነቅል ደም ተፋሁ። አሠሪዬ አይቶ በድንጋይ አባረረኝ። ወንድሜ ዘንድ ገባሁ፤ ሐኪም ቤት ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባልኩና መድኃኒት ጀመርኩ።

ወራት አለፉ፤ አልዳንኩም። አብረውኝ የጀመሩት ሲወፍሩ እኔ ከሳሁ፤ አክታዬ ውስጥ ተሕዋሲው እንዳለ ነው። አንድ ቀን ነርሱ ወንድሜን ጠርቶ፣ "ይሄ መድኃኒት ሽንት ያቀላል። የሱ ግን ፈዛዛ ነው፤ የሚውጥ አይመስለኝም" አለው። በክፋት አልነበረም የተናገረው። ወንድሜ ግን ከዚያ ወዲያ እጁን አልሰበሰበም።

"የት ነው የምትጥለው? እኔ ዞር ስል ታስመልሰዋለህ!"

"ወላሂ እየዋጥኩ ነው!"

"በአላህ ስም አትዋሽ!" ይልና ቀበቶውን ይመዛል።

እየገረፈኝ ያለቅስ ነበር። አባታችን በዚሁ በሽታ ሲሞት አጠገቡ የነበረው እሱ ነው። ያኔ ግን ይሄ አልታየኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመኪና መፍቻ አንስቼ፣ "ደግመህ ብትነካኝ እገድልሃለሁ!" አልኩት። ነጥቆ ወረወረውና ከግድግዳው ጋር አላተመኝ።

በማግስቱ ከንፈሬ አብጦ ሐኪም ቤት ስንሄድ ዱክቱራዋ፣ ሐኪሟ፣ አየችኝ። የኤደን ልጅ ነች፤ ቁጡ።

"ማነው የመታህ?"

"እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ። "መድኃኒቱን እየጣለ ነው።"

"በምን አወቅክ? የዋጡት ሁሉ ደም ውስጥ ይገባል ያለህ ማነው? ደሙን እንመርምር።"

ሌላ ቀን ቁርሴን እንደ ወትሮው በልቼ ፊቷ ኪኒኑን ዋጥኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደም ቀዳችኝ። ደሙ ከተማው ማዶ ላለ ላቦራቶሪ በበረዶ መድረስ ነበረበት፤ የሚወስድ መኪና ጠፋ። ወንድሜ ደሙና በረዶው ያሉበትን ሳጥን አቀፈና ሚኒባስ ተሳፈርን።

የዚያን ቀን ጠዋት ተኩስ ነበር። ኑቅጣው ላይ፣ ማለትም ፍተሻው ላይ፣ የነበሩት ወታደሮች ዓይናቸው ቀልቷል። አንዱ ከመኪና ጎትቶ አወረደን።

"ሳጥኑን ክፈት!"

"የወንድሜ ደም ነው። ሙቀት ከነካው ይበላሻል።"

ወታደሩ በሰደፍ አፉን አለው። ወደቀ፤ ሳጥኑን ግን አልለቀቀም። ጀርባውን በጫማ ሲረግጡት እግሩን ሰብስቦ ተጠቀለለበት። ያ ክንድ ያንን ያህል ጊዜ የደበደበኝ ክንድ ነው። እኔ መጮህ ስጀምር ሳል አፈነኝ፤ ደም ተፋሁ።

"ሳንባ ነቀርሳ ነው! ይያዘኝ የምትሉ ቅረቡ!" አልኩ በተሰባበረ ዐረብኛዬ።

አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው አፈገፈጉ። "ሂዱ! ከዚህ ጥፉ!"

ላቦራቶሪ ስንደርስ ሁለት የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም። በረዶው አልቀለጠም ነበር።

ናሙናው ከላቦራቶሪው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ስለነበር ውጤቱ ብዙ ቆየ። ሲመጣ ዱክቱራዋ ሁለታችንንም አስቀመጠችን።

"እየዋጠ ነው" አለች። "ደሙ ውስጥ ያለው ግን እጅግ ትንሽ ነው። ሆዱ አይቀበለውም። ከመድኃኒቱ በፊት ምን ታበላዋለህ?"

"ፉል፣ በብዙ ዘይት። ባዶ ሆዱን እንዳያቃጥለው ብዬ።"

"እሱም ይቀንሰዋል። ከእንግዲህ በባዶ ሆዱ ይዋጥ።"

ወንድሜ ተነስቶ ግድግዳውን በቡጢ ይነርት ጀመር፤ ቆዳው ተላጠ።

"ተቀመጥ!" አለችው። "እዚህ ቤት ደም የማወጣው እኔ ነኝ።"

ተቅማጡን አከመችልኝ፤ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረችና ደሜን ደግማ አስመረመረች። በዚህኛው በቂ ነበር። ቀስ በቀስ ሳሉ ለቀቀኝ፤ አክታዬም ነጻ ሆነ።

ወንድሜ አንድም ቀን "አውፍ በለኝ" አላለኝም። ኪኒኑን በሰሃን አድርጎ ያስቀምጥልኝና ስውጥ ላለማየት ወደ ውጭ ይወጣል። አንዴ ሻይ ሊያቀብለኝ ክንዱን ሲያነሳ ፊቴን ከለልኩ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

"አሁንም ትፈራኛለህ?"

"እፈራሃለሁ" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ሥራ ስጀምር የራሴን ክፍል ተከራየሁ፤ ዕቃዬን ተሸክሞ ያደረሰኝ እሱ ነው። ጁምዓ ጁምዓ አብረን ምሳ እንበላለን፤ ስለ ጋራዡ፣ ስለ እናታችን እናወራለን። ሲመሽ እያንዳንዳችን ወደየቤታችን እንሄዳለን።