ዘሀራ የምትመልስበት ቦታ

ልጅ እያለሁ ዝም ማለት ሥራ ነበር። ለጨዋታ ያልኩት እንዳይመስላችሁ። ከግራና ከተማ ወረድ ብሎ ባለው የእኛ ቆላ ማሽላው ወተት መቋጠር ሲጀምር ልጅ ሁሉ ማማ ላይ ይወጣና ወፍ ይጠብቃል። ወንጭፍ ማስጮኹና መዝፈኑ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከዘፈኑ በኋላ አፍን ይዞ ማዳመጥ ነበር። በሀብሩም ሆነ በሐራ በኩል ማሽላ ስትጠብቁ ያደጋችሁ የዘመኔ ሰዎች ይህን አትረሱትም። እኔም ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ተናድጃለሁ፣ ንዴቴም አልበርድ ብሎኛል።

ማማ ማለት በባላ እንጨቶች ላይ የተሠራ ቆጥ ነው፤ ከላዩ ለጸሐይ የሚሆን ቅጠል ይጣልበታል። ትምህርታችን በፈረቃ ስለነበር ከጠዋት ፈረቃ ስንመለስ ደብተራችንን ቤት ወርውረን ወደ እርሻ እንሮጣለን። መንገድ ላይ ጥንቅሽ ሰብረን እየመጠጥን፣ ጭማቂው እስከ ክርናችን እየወረደ፣ ዝንብ እየተከተለን። የማሽላ አበባ ብናኝ አንገት ላይ ሲያርፍ ያሳክካል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ እርሻው ሁሉ የእሸት ሽታ ይሸታል፤ ወፉም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ግሪሳ አንዴ ከወረደ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በአንድ ከሰዓት ያራግፋል። ስለዚህ ማማ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ልጅ አይደለችም፤ የቤቱ ጎተራ በእጇ ነው።

የእኛና የእነ ዘሀራ እርሻ በአንድ ደረቅ ወንዝ ይለያያል። ዘሀራ እኩያዬ ናት። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም፤ በረመዳን እሷ ስትጾም እኔ ጥንቅሼን የምበላው ተደብቄ ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት ስለሚያልፍ፣ የወንዙም ዳር ጉብ ያለ ስለሆነ፣ ከማማ ማማ አንተያይም። የምንገናኘው በዘፈን ነበር። አንዷ ታወጣለች፤

ግሪሳ ወረደ ከማሽላዬ ላይ፣
ከማዶ ያለሽው እህቴ አለሽ ወይ?

ከዚያ ዝም ትላለች። ወንጭፉም ዝም፣ እግሯም ዝም። ከወንዙ ማዶ «አለሁ፣ አለሁ» የሚለው ድምፅ ተስቦ ይመጣል። ያ ሲመጣ ተራው የሌላዋ ይሆናል። አባቴ መጀመሪያ ማማ ላይ ያወጣኝ ቀን ያስተማረኝ ወንጭፍ አወራወር አልነበረም። «ከጠራሻት በኋላ ዝም በይ» ነው ያለኝ። «አንቺ ስትለፈልፊ ልጅቱን አትሰሚያትም።» እኔ ደግሞ ቀስ በቀስ ከመልሷ ሁሉን ማወቅ ጀመርኩ። ሲጠማት ድምጿ ይሳሳል። ስታኮርፍ ያጥራል። እንቅልፍ ሲጥላት ዘግይቶ ይመጣል።

አንድ ቀን ጠራኋትና መልስ ቀረ።

ትምህርት ቤት በጥንቅሽ ተጣልተን ስለነበር መጀመሪያ ያኮረፈች መሰለኝ። እኔም አኮረፍኩ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጠራሁ። ዝም። ያን ጊዜ ከማዶ የግሪሳ ጫጫታ ሰማሁ፤ መንጋው በሙሉ የዘሀራ ማሽላ ላይ ሰፍሮ ነበር። ዘሀራ ትኮርፋለች፤ ወፍ ግን አታስበላም። ከማማው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የማሽላው ቅጠል ፊቴንና ክንዴን እየሸረከተኝ ወንዙን ተሻግሬ ስደርስ ዘሀራ ማማዋ ላይ እንደ ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ሰውነቷ ምጣድ ሆኗል፤ ዓይኗ ገልበጥ ብሏል። ወባ ነው። «ዘሀራ!» ብላት አላወቀችኝም። እሪ አልኩ። አባቷ ከታችኛው ማሳ ሮጠው መጥተው አዝለዋት ግራና ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እዚያ ያከማት ሰው «እስኪመሽ ብትቆይ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና የእናቷን ፊት ሲያይ ተወው።

የእኛን ማሽላ የዚያን ቀን ወፍ በላው። አባቴ ማሳውን ዞሮ አይቶ መጣና ራሴን ደባብሶኝ ገባ። የዘሀራ እናት እማማ ፋጡማ ግን ዘሀራ የዳነች ሰሞን ቤታችን መጥተው እናቴን፣ «የልጅሽ ጆሮ ነው ልጄን የሰጠኝ። አላህ ጆሮዋን ይባርክልሽ» አሏት። ጆሮ ሲመረቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ይመር የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ፤ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ። ያኔ ጀርባዬ ላይ የሚታዘል ሕፃን ነበር፤ ለጥበቃ ሲደርስ ደግሞ እኛ ወልድያ ገብተን ስለነበር ማማ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዘፈኑን የሚያውቀው ከጀርባዬ ነው። ቤት ውስጥ እሱን ሳስተኛ የሚመልስልኝ ሰው ስለሌለ ግጥሙን ሳላቋርጥ እያዞርኩ ነበር የምዘፍንለት። ዛሬ ይመር አዲስ አበባ የታወቀ አቀናባሪ ነው። እኔ እዚህ ወልድያ ልብስ እሰፋለሁ።

ካቻምና በቴሌግራም አንድ ዘፈን ላከልኝ። «እታለም፣ ያንቺ ዘፈን ነው፤ ሳይወጣ ስሚልኝ» ይላል። አንዲት አዲስ ዘፋኝ ናት የምትዘፍነው። ግሪሳውንና ማሽላውን አውጥተው ፍቅር አድርገውታል፤ ያውም ይሁን፣ ዘፈን ይለወጣል። በክራር ይጀምራል፣ ድምጿም ቆንጆ ነው። ልጅቱ «አለሽ ወይ?» በሚለው ፈንታ «አለህ ወይ?» ብላ ጠየቀች። እኔ መርፌዬን ይዤ ዝም አልኩ፤ ሰውነቴ በልምድ ዝም አለ። ያን ጊዜ ቫዮሊኑ መጣ። አንድ ቢሆን ምን ነበረበት! የመንደር ሰው ሁሉ በአንዴ እንደሚገባበት በር፣ ቫዮሊን በቫዮሊን ላይ፣ ከሥሩ የሚያጉረመርም ትልቅ ቫዮሊን፣ ከላዩ ጥሩምባ፣ ከዚያ ደግሞ «ኣኣኣ» የሚሉ ሰዎች። ልጅቱ እንደገና ጠየቀች፤ እንደገና ተንጋጉ። ትንፋሽ የምታህል ቀዳዳ አልተዉም።

ቫዮሊን ጠላት ነው አላልኩም። ልጅ ሆነን ከሬዲዮ የምንሰማቸው የድሮ ዘፈኖች ሳክስፎንና ጥሩምባ ሞልቷቸው ነበር፤ ዘፋኙ ተናግሮ ሲጨርስ ጥሩምባው ተቀብሎ ሲያነሳው ጸጉሬ ይቆም ነበር። አንድ ጊዜ ይመር ራሱ አዲስ አበባ አዳራሽ ወስዶኝ ያን ሁሉ ሰው ቀስት ይዞ ተደርድሮ ሲጫወት ሰምቼ አልቅሻለሁ። እዚያ ሙዚቃው ባለቤት ነው። ዘፈን ውስጥ ሲገባ ግን እንግዳ ነውና፣ ባለቤቱ የት እንደሚቀመጥ አይቶ መቀመጥ አለበት። ዘፈኑን የሚያነሳ ሙዚቃ አለ፣ ዘፈኑ ላይ የሚጫን ሙዚቃ አለ። ይመር ግጥሙን አሳምሮ አንግሦት መልሱን ቀበረው።

ምናልባት እኔ እሆናለሁ ክፉዋ ብዬ ስልኬን ይዤ መርሳ ወረድኩ። ዘሀራ አሁን መርሳ መንገድ ዳር ብርቱካንና ማንጎ ትሸጣለች፤ ልጆች ወልዳ ድራለች። ስልኩን ከጆሮዋ አስጠጋሁላት። ገና ክራሩ ሲጀምር ፈገግ አለች። ልጅቱ ስትጠይቅ ዘሀራ ደረቷን ነፍታ አፏን ከፈተች። ቫዮሊኑ ቀደማት። አፏን ዘጋች። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሞከረች፤ ደግሞ ቀደማት። ዘፈኑ ሲያልቅ ሳቅ ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

«ወላሂ ያምራል፣ የሺ» አለችኝ። «ይመርዬ አላህ ያሳድገው። እኔን ግን የት አስቀመጣችሁኝ?»

እሷ እንደቀልድ ነው ያለችው፤ ወዲያው ዞራ ለአንድ ሾፌር ብርቱካን ትመዝን ጀመር። እኔ ግን እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ወደ ይመር ደወልኩ።

«እታለም፣ እዚያ ጋ እኮ ባዶ ነው» አለኝ። «ባዶውን ብተወው ሰው ዘፈኑ የተቋረጠ ነው የሚመስለው። ቀይሮት ይሄዳል።»

«ባዶ አይደለም። ዘሀራ ናት እዚያ ያለችው።»

«እሱማ እኮ ነው፤ ለመልሱ ብዬ ነው ቫዮሊኑን ያስገባሁት። እንዴት ያለ ክብር መሰለሽ። እንዴት የለፋንበት መሰለሽ። እናንተ ድህነቱን እንደባህል…»

ድህነት ሲለኝ ዝም አልኩ። ስልኩ ውስጥ ምንም የለም፤ ከበስተኋላዬ የሚኒባስ ክላክስ ብቻ።

«ሄሎ?» አለ። «ሄሎ፣ እታለም? አለሽ? አለሽ ወይ?»

«አለሁ» አልኩት። «አየህ፣ ዝም ብል ፈለግከኝ። በመሀል ቫዮሊን ቢጮህልህ ኖሮ እዚህ መንገድ ላይ ወድቄም ብሆን አትጠይቀኝም ነበር። ዘሀራን ያተረፋት ያ ባዶ ያልከው ነው።»

የዘሀራን ወባ የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። ለካ ማንም ነግሮት አያውቅም። ብዙ ቆየ። እኔም ጠበቅኩት፣ መጠበቅ አውቃለሁ። በመጨረሻ «ገብቶኛል» አለኝ፤ ድምፁም የእውነት ነበር። ስልኩን ዘግቼ ከዘሀራ ጎን ተቀምጬ ብርቱካን በላሁ። ደስ ብሎኝ ነው ወልድያ የተመለስኩት።

ዘፈኑ ለበዓል ወጣ። ከነቫዮሊኖቹ፣ ከነጥሩምባው፣ ከነ«ኣኣኣ»ው። በዚያው ቀን ይመር ሌላ ላከልኝ፤ ክራርና ድምፅ ብቻ፣ ከጥያቄው በኋላ ረጅም ዝምታ ያለው። «ይሄኛው ለአንቺና ለዘሀራ ነው፤ ሌላውን ፕሮዲውሰሮቹ እንዲህ ፈለጉት» ብሎ ጽፎበታል። እንዴት አድርጎ ሠርቶት እንደነበር ብነግራችሁ! እንደዚያን ቀን በወንድሜ ተናድጄ አላውቅም። ለእኔና ለዘሀራ ምን ያደርግልናል? እኛማ የት ላይ ዝም እንደሚባል እናውቃለን። ያ ዝምታ የሚያስፈልገው ለማያውቀው ነበር። አውቆ፣ ገብቶት፣ ለሚያውቀው ሰጥቶ ከማያውቀው ደበቀው።

አሁን ዘፈኑ የማይሰማበት ቦታ የለም። ባጃጁ፣ ሠርጉ፣ የስልክ ቤቱ። እኔ ጋ የሚማሩት የስፌት ልጆች መኪናቸውን እየረገጡ ይዘፍኑታል፤ «አለህ ወይ» ይሉና ቫዮሊኑን በአፋቸው ያንጎራጉራሉ። ደንበኞቼ የወንድምሽ ሥራ አገር አስደሰተ ይሉኛል፤ አመሰግናለሁ እላለሁ። ልጆቹ ምን አጠፉ? እንዲህ ነው የተሰጣቸው። በልጅነታችን ድሆች ነበርን፣ ወባ ይጥለን ነበር፣ ያን ዘመን ይመለስ የምል ሞኝ አይደለሁም። ግን ተጠራርተን እንደማመጥ ነበር።

ባለፈው የማሽላ ወቅት ዘመድ ልጠይቅ ግራና ወረድኩ። ከባጃጅ ወርጄ በእርሻው መሀል ስሄድ አንዲት ልጅ ማማ ላይ አየሁ። ወንጭፍ የላትም፤ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ማማው ላይ ሰቅላ የይመርን ዘፈን ለቃዋለች፤ ወፍ ለማባረር መሆኑ ነው፤ በእርግጥም ወፉ ይሸሻል። ከወንዙ ማዶ ሌላ ማማ አለ። «አለህ ወይ?» አለ ዘፈኑ፤ ቫዮሊኑ እርሻውን ሞላው። እዚያኛው ማማ ላይ ሰው መኖሩን ልሰማ ቆሜ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ሳያልቅ ልጅቱ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው።